የኬዲቭ እስማኤል መንግሥት በ1868 ዓ.ም. በኢትዮጵያ ላይ የዘመተበት ዓላማ

አንድ ኀያል መንግሥት በጎረቤቱ ላይ ጦር ሲያነሣ፥ የዘመቻው ምክንያት ዘወትር በሁለት መንገድ ይገኛል። አንደኛው ለሌሎች መንግሥታት በደብዳቤና በመልእክተኛ የሚነገረው ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ማንም ሳይናገረው፥ ሠራዊቱ በሰፈረበት ቦታ፥ በጠረገው መንገድና ባቆመው ኬላ የሚገለጸው ነው። የታሪክ መርማሪ በቃል የተነገረውን በመሬት ላይ ከተሠራው ጋር ካላስተያየ በቀር፥ የዘመቻውን እውነተኛ ዓላማ ሊደርስበት አይችልም።

በ1868 ዓ.ም. (እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1875 እና በ1876) የግብፅ ገዢ ኬዲቭ እስማኤል በኢትዮጵያ ላይ ያዘመተው ጦር ለዚህ ዓይነቱ ምርመራ የተመቸ ነው። ዘመቻው በጉንደትና በጉራዕ ድል መሆኑ በኢትዮጵያ ዘንድ በሰፊው የታወቀ ነው። ዓላማው ግን ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ብቻ ይነገራል፤ ይኸውም «ግብፅ የመጣችው ዐባይን ለመያዝ ነው» የሚለው ነው። ይህ አባባል ከእውነት ፈጽሞ የራቀ ባይሆንም፥ ሙሉ አይደለም። የግብፅ ሠራዊት ከያዛቸው ስፍራዎች አንዱም በዐባይ ዳር አልነበረም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ መመልከት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት፥ የአውሮጳ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ናቸው።

የእስማኤል ግብፅ

በዚያን ጊዜ በሰሜን ምሥራቅ አፍሪቃ በጦር መሣሪያም ሆነ በመንግሥት ሥራ አደረጃጀት ከግብፅ ጋር የሚተካከል አልነበረም። ግብፅ በስም የኦቶማን ሱልጣን ግዛት ብትሆንም፥ ከመሐመድ ዐሊ ዘመን ጀምሮ በተግባር ራስዋን የቻለች ነበረች። መሐመድ ዐሊ በ1812 ዓ.ም. ጦሩን ወደ ሱዳን ልኮ በሚከተለው ዓመት ስናርን አስያዘ። ከሃያ ዓመት ገደማ በኋላ ደግሞ በጋሽ ወንዝ አጠገብ የከሰላ ከተማ ተቈረቈረች። በዚህ ዓይነት የግብፅ ግዛት ከኢትዮጵያ ምዕራባዊ ቈላ ጋር ፊት ለፊት ተገናኘ።

የመሐመድ ዐሊ የልጅ ልጅ እስማኤል በ1855 ዓ.ም. ሥልጣን በያዘ ጊዜ ግብፅ በሀብት ላይ ነበረች። አሜሪካኖች እርስ በርሳቸው ይዋጉ ስለ ነበር የአሜሪካ ጥጥ ከገበያ ጠፍቶ፥ የግብፅ ጥጥ ዋጋ እጅግ ንሮ ነበር። እስማኤልም በዚህ ገንዘብ የባቡር ሐዲድ ዘረጋ፥ የመስኖ ቦይ አስቈፈረ፥ ካይሮን እንደ አውሮጳ ከተማ ማሠራት ጀመረ። የአሜሪካ ጦርነት በ1857 ዓ.ም. አልቆ የጥጥ ዋጋ ሲወድቅ ግን የእስማኤል ወጪ ከዋጋው ጋር አልወረደም፤ በአውሮጳ ባንኮች ብድር ቀጠለ። በኅዳር 1862 ዓ.ም. የስዌዝ ቦይ ሲመረቅ የአውሮጳን ነገሥታትና መሳፍንት ጠርቶ ያደረገው ድግስም የዚሁ አካሄድ ምልክት ነበር። አሳቡ ግብፅ ከአውሮጳ መንግሥታት ጋር በአንድ ማዕርግ እንድትቈጠር ነበር።

ለዚህም ሠፊ ግዛትና ዘመናዊ ሠራዊት ያስፈልጋል ብሎ አመነ። ሬሚንግተን የተባለውን አዲስ ጠመንጃና የክሩፕን መድፍ ገዛ። የአሜሪካ ጦርነት ካለቀ በኋላ ሥራ ያጡትን፥ ከሰሜኑም ከደቡቡም ወገን የነበሩትን መኰንኖች፥ ሃምሳ ያህል አስመጥቶ ቀጠረ፤ ከነሱም ጄኔራል ቻርልስ ስቶን የጠቅላይ ሠራዊቱ ኤታ ማዦር ሆነ። ከዚህ በኋላ ሳሙኤል ቤከርና ጎርዶን ወደ ነጭ ዐባይ ላይኛው ክፍል ተላኩ፤ በ1867 ዓ.ም. ዳርፉር ተያዘ። ኢትዮጵያ በዚህ በሚሰፋ ግዛት ምሥራቃዊ ጐን ላይ ትገኝ ነበር።

ከምጽዋ እስከ ከሰላ

ምጽዋን የኦቶማን ቱርኮች የያዟት ከ1549 ዓ.ም. ጀምሮ ነበር። እስማኤል ከሱልጣኑ ጋር ተዋውሎ፥ በያመቱ ገንዘብ እየከፈለ፥ ምጽዋንና ሱዋኪንን በ1857 ዓ.ም. ወደ ግብፅ አዛወረ። በዚያን ጊዜ የቀይ ባሕር ዳርቻ ሙቀትና አሸዋ ብቻ ይመስል ነበር። ስዌዝ ከተከፈተ በኋላ ግን ከአውሮጳ ወደ ሕንድ የሚሄደው መርከብ ሁሉ በዚያ በር ማለፍ ጀመረ። የቀይ ባሕር ወደቦች ዋጋ በአንድ ጊዜ ተለወጠ። ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርደው የዝሆን ጥርስ፥ ወርቅ፥ ዝባድና ቡና፥ የሚወጣበትም ዋናው በር ምጽዋ ነበረ። በዚያው በር ባሮችም ይወጡ እንደ ነበር አይዘነጋም፤ ግብፅ ለአውሮጳ መንግሥታት የባሪያ ንግድን ለማጥፋት ነው ብትልም፥ ንግዱ በራስዋ ግዛት ውስጥ ይካሄድ ነበር።

ነገር ግን ምጽዋ ብቻዋን ደሴት ናት። ከጀርባዋ መንገድ ከሌላት፥ ደጋው በፈለገ ጊዜ ገበያዋን ሊዘጋባት ይችላል። በሌላ ወገን ከሰላ ከባሕር የራቀች ናት። ሁለቱን የሚያገናኘው አጭሩ መንገድ በአንሰባ ሸለቆ ላይ በከረን በኩል ያልፋል። ከረንን የያዘ መንግሥት የሱዳንን ምሥራቅ ከቀይ ባሕር ጋር ያገናኛል፤ ካጣት ግን ሁለት የተለያዩ የጠረፍ ጦር ሰፈሮች ብቻ ይቀሩለታል። ከረን የምትገኝበት የቦጎስ አገር በግብፅ አሳብ ውስጥ ያን ያህል ከፍ ያለ ቦታ ያገኘው ስለዚህ ነው።

የቦጎስ ሕዝብ፥ ማለት ቢለን፥ በዚያን ጊዜ በሁለት ግብር አስከፋዮች መካከል ይኖር ነበር። ከደጋው በኩል ለሐማሴን ገዢዎች ይገብር ነበር። ከቈላው በኩል ደግሞ የከሰላ የግብፅ ሹማምንት እየመጡ ከብቱን ይነዱበት ነበር። በ1846 ዓ.ም. ከዚያ ወገን የመጣ ጦር መንደር አቃጥሎ ሰው ማርኮ በሄደ ጊዜ፥ ምርኮኞቹን ለማስመለስ የእንግሊዙ ቆንስል ፕላውደንና በአገሩ የተቀመጠው ካቶሊካዊው ሚሲዮናዊ ስቴላ ብዙ ደክመዋል። ጎረቤቶቹ መንሳዕ፥ ማርያና ሐባብም እንዲሁ ነበሩ። የባሕሩ ዳርቻ ዝናም የሚያገኘው በበጋ፥ ደጋው ደግሞ በክረምት ስለ ሆነ፥ ከብት አርቢው ሕዝብ ከወቅቱ ጋር ይወጣና ይወርድ ነበር። በካርታ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ሆኖ የተሣለው ጠረፍ ለእነዚህ ሕዝቦች የግጦሽ መንገዳቸውን ለሁለት የሚከፍል ቢላዋ ነበር።

ቬርነር ሙንዚንገር

ይህን ሕዝብ ከማንኛውም የውጭ አገር ሰው ይልቅ ጠንቅቆ የሚያውቀው ቬርነር ሙንዚንገር የተባለው የስዊስ ተወላጅ ነበር። ሙንዚንገር ለንግድ መጥቶ በከረን ተቀመጠ፤ ከአገሩም ሰው አገባ፥ ቋንቋውንም ተማረ። በ1851 ዓ.ም. (በአውሮጳ 1859) ስለ ቦጎስ ልማድና ሕግ በጀርመንኛ ያሳተመው መጽሐፍ ስለዚያ ሕዝብ ከተጻፉት የመጀመሪያው ጥልቅ ጥናት ነው። በመጽሐፉም ሽማግሌ የሚባሉት ባላባቶችና ትግሬ የሚባሉት ጭሰኞች በምን ውል እንደሚተሳሰሩ፥ የደም ካሣ እንዴት እንደሚከፈል፥ ርስትና ጋብቻ በምን ሕግ እንደሚመራ በዝርዝር ጽፏል። ለሥነ ሕዝብ ጥናት ዛሬም የሚጠቅም ሥራ ነው።

ያው ሰው በምጽዋ የፈረንሳይና የእንግሊዝ ጉዳይ አስፈጻሚ ሆኖ ሠራ፤ በ1860 ዓ.ም. የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲሄድ በመንገድ መሪነት አገለገለ። በ1863 ዓ.ም. ኬዲቭ እስማኤል የምጽዋ ገዢ አድርጎ ሾመው። በሚቀጥለው ዓመት በ1864 ክረምት፥ ዐፄ ዮሐንስ በአክሱም ዘውድ ከጫኑ ጥቂት ወራት እንዳለፉ፥ ሙንዚንገር ጦር ይዞ ከረን ገባ። የሕዝቡን ሕግና ልማድ ለማወቅ በየቤቱ እየገባ ቡና የጠጣበትን አገር በግብፅ ባንዲራ ሥር አዋለ። ለምሽግ የሚመቸውን ኰረብታ፥ ከጎረቤቱ ጋር የተጣላውን ባላባት፥ የሐማሴን ግብር የከበደበትን መንደር የሚያውቀው በጥናቱ ነበር። ዕውቀቱ የወረራው መሣሪያ ሆነ።

ዐፄ ዮሐንስ ወደ ጦርነት ወዲያው አልሄዱም። በእርሳቸው አገልግሎት ላይ የነበረውን እንግሊዛዊ ኪርካምን ከደብዳቤ ጋር ወደ አውሮጳ ላኩ። ለእንግሊዝ ንግሥት ለቪክቶሪያና ለሌሎች ነገሥታት፥ የክርስቲያን አገር በግፍ እየተወሰደ መሆኑን አስታወቁ። ከአውሮጳ የመጣው መልስ ግን ቃል እንጂ ርዳታ አልነበረም።

የዐባይ ነገር

ከዚህ ላይ ስለ ዐባይ የሚነገረውን መመርመር ይገባል። እስማኤል የዐባይን ሸለቆ በሙሉ በአንድ አገዛዝ ሥር ለማድረግ መመኘቱ እውነት ነው፤ ወደ ነጭ ዐባይ የላካቸው ዘመቻዎች ይመሰክራሉ። ነገር ግን የኢትዮጵያ ዘመቻ ዋና ግብ ጣና ሐይቅና የዐባይ ምንጭ ቢሆን ኖሮ፥ ቀጥተኛው መንገድ በመተማ በኩል ነበር። በዚያ ወገን የግብፅ የጦር ሰፈር ነበረ፤ ከዚያ እስከ ጣና ያለው ርቀትም ከምጽዋ እስከ ጣና ካለው እጅግ ያንሳል። የኬዲቩ ጦር ግን የመጣው በሐማሴን በኩል ነው። ከሐማሴን እስከ ጣና ለመድረስ መረብን፥ ተከዜንና የሰሜንን ተራሮች ማለፍ ያስፈልጋል።

ስለ ውሃ የሚነገር ከሆነ፥ ከዐባይ ይልቅ ስለ ሁለት ትናንሽ ወንዞች ማሰብ የተሻለ ነው። ከሐማሴን አጠገብ የሚነሣው መረብ ወደ ቈላ ሲወርድ ጋሽ ተብሎ የከሰላን ሜዳ በጎርፉ ያጠጣል። አንሰባ ከባርካ ጋር ተቀላቅሎ በሱዋኪን አጠገብ ያለውን የቶካር ሜዳ ያጠጣል። ሁለቱም ሜዳዎች ለጥጥ የሚስማሙ ነበሩ፤ ጥጥ ደግሞ ለእስማኤል ግምጃ ቤት ምን እንደ ነበረ ከላይ ተነግሯል። እንግዲህ ከረንንና ሐማሴንን መያዝ ወደቡን፥ መንገዱንና የእርሻውን ውሃ በአንድነት መያዝ ነበር።

የቀሩት ስፍራዎችም ይህንኑ ያረጋግጣሉ። በ1867 ዓ.ም. መጨረሻ እስማኤል ዘይላን ከሱልጣኑ በዓመት ክፍያ ተቀበለ። በጥቅምት 1868 ዓ.ም. ራኡፍ ፓሻ ከዘይላ ተነሥቶ ሐረር ገባ፤ አሚር መሐመድም ተገደሉ። በዚያው ዘመን የመርከብ ጦር እስከ ኪስማዩ ወርዶ ነበር፤ በእንግሊዝ ተቃውሞ ግን ተመለሰ። ሙንዚንገር ደግሞ በታጁራ በኩል ወደ አውሳ፥ ከዚያም ወደ ሸዋ ንጉሥ ወደ ምኒልክ ለመድረስ ተነሣ። ምጽዋ፥ ከረን፥ ታጁራ፥ ዘይላ፥ ሐረር፦ እነዚህን በካርታ ላይ በተራ የሚያይ ሰው የዐባይን ምንጭ አያይም፤ የኢትዮጵያን በሮች ያያል። የእስማኤል ዓላማ ደጋውን ሁሉ በአንድ ቀን መዋጥ አልነበረም። በሩን ይዞ፥ ቀረጡን እየተቀበለ፥ ውስጡ ተከፋፍሎ እንዲኖር ማድረግ ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ የተደረገው ግምት

እንዲህ ያለው ዓላማ በአንድ ግምት ላይ የቆመ ነው፤ ይኸውም ደጋው ደካማና የተከፋፈለ መሆኑን ነው። ለዚህ ግምት ምክንያት አልጠፋም። ከጥቂት ዓመታት በፊት የእንግሊዝ ጦር ከዙላ ተነሥቶ እስከ መቅደላ ደርሶ በሰላም ተመልሷል። ምኒልክ በሸዋ ለብቻቸው ይገዙ ነበር። በመረብ ማዶም በሐማሴን የሐዘጋና የጸዓዘጋ ቤቶች ጥንታዊ ጠብ ነበራቸው። ከዚህም ሌላ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ የምታገኘው ከእስክንድርያ ብቻ ስለ ነበረ፥ የግብፅ ገዢ በዚያ በኩል የሚጎትተው ገመድ በእጁ ነበረ።

ግምቱ ግን በተሳሳተ ትምህርት ላይ ተመሠረተ። ናፒየር እስከ መቅደላ የደረሰው መሣሪያው ስላየለ ብቻ አልነበረም። በዚያን ጊዜ ደጃዝማች ካሣ የተባሉት፥ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ የሆኑት፥ መንገድ ስለ ለቀቁለትና ስንቅ እንዲሸጥለት ስላደረጉ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስም በዚያ ሰዓት አብዛኛው አገር የከዳቸው ንጉሥ ነበሩ። እንግሊዞችም መጥተው የሚመለሱ መሆናቸውን አስቀድመው ነግረው ነበር። ግብፆች ግን መሬት ይዘው የሚቀመጡ ነበሩ። ከረንን ሲይዙ የተመለከተ የደጋ ሰው ሁሉ ይህን ዐውቋል። ባላባቱን ከባላባቱ የሚለየው ጠብ፥ አገሩን ለቅቆ ለማይሄድ ባዕድ ሲሆን ሌላ መልክ እንደሚይዝ የካይሮ መካሪዎች አልመዘኑም።

ሙንዚንገርም በዚህ ተሳሳተ። የእያንዳንዱን ጎሣ ሕግ ለየብቻው ያውቅ ነበር፤ ጎሣዎቹ በአንድነት ሲነሡ የሚታዘዙትን ሕግ ግን በመጽሐፉ አልጻፈም። በኅዳር 1868 ዓ.ም. በአውሳ ሜዳ የሱልጣን ሐንፈሬ አፋሮች በሌሊት ወርደው እርሱንና ሚስቱን ከብዙ ወታደሮች ጋር ገደሉ። አፋሮቹ ለዐፄ ዮሐንስ ሲሉ የተዋጉ አልነበሩም፤ ስለ ውሃቸውና ስለ ግጦሻቸው የተዋጉ ነበሩ። ሆኖም በሸዋ በኩል ሊዘረጋ የነበረው የግብፅ መንገድ በዚያው ሌሊት ተቈረጠ።

ጉንደት

ዋናው ጦር በዚያው ሰሞን በሐማሴን ነበር። አዛዡ ኮሎኔል አሬንድሩፕ የተባለ ዴንማርካዊ ሲሆን፥ ከእርሱ ጋር የግብፅ ሚኒስትር የኑባር ፓሻ ዘመድ አራኪል ቤይ አብሮ ነበረ። ሠራዊቱ ሦስት ሺህ ያህል ነበር። ይህ ቍጥር ራሱ ስለ ዓላማው ይናገራል፤ በሦስት ሺህ ሰው ኢትዮጵያን እይዛለሁ የሚል የለም፤ ሐማሴንን ይዤ በመረብ ላይ ጠረፍ አቆማለሁ የሚል ግን ሊኖር ይችላል። ለአውሮጳ መንግሥታት የተነገረውም የኢትዮጵያ ወታደሮች በጠረፍ ላይ የሚያደርጉትን ዘረፋ ለማስቆም ነው የሚል ነበር።

አሬንድሩፕ ሐማሴንን ያለ ውጊያ ያዘ። ዐፄ ዮሐንስ ወደ ኋላ ስላሉ፥ ፈርተው የሸሹ መሰለው። ሰዎቹን በየቦታው እየከፈለ ወደ መረብ ወረደ። ዐፄ ዮሐንስ ግን ይጠብቁት የነበረው ይህንኑ ነበር። ኅዳር 7 ቀን 1868 ዓ.ም. መረብን ተሻግረው በጉንደት ሸለቆ ገጠሙት። ሬሚንግተኑ በገደልና በቍጥቋጦ መካከል የሩቅ ተኩስ ጥቅሙን አጣ፤ ጦርና ጐራዴ የያዘው እግረኛ ደረሰበት። አሬንድሩፕና አራኪል በዚያው ወደቁ፤ ከጦሩም ያመለጠው እጅግ ጥቂት ነበር። በሺህ የሚቈጠር ጠመንጃና መድፎች በኢትዮጵያውያን እጅ ገቡ።

ጉራዕ

ከጉንደት በኋላ የዘመቻው ዓላማ ተለወጠ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ይህ ነው። የከረን መያዝ፥ ጥበብ ባይኖረውም፥ ስሌት ነበረው፤ ወጪው ትንሽ፥ ጥቅሙ የሚታይ ነበር። የጉራዕ ዘመቻ ግን ከመንገድና ከቀረጥ ጋር የሚያገናኘው ነገር ጥቂት ነው። ኅዳር 16 ቀን፥ ማለት ከጉንደት ዘጠኝ ቀን በኋላ፥ እስማኤል በስዌዝ ቦይ ላይ የነበረውን ድርሻ ለእንግሊዝ መንግሥት ወደ 4 ሚሊዮን በሚጠጋ ፓውንድ ሸጠ። ሥልጣን ሲይዝ 3 ሚሊዮን ያህል የነበረው የአገሩ ዕዳ በ1868 ዓ.ም. ወደ 90 ሚሊዮን ፓውንድ ደርሶ ነበር። በዚህ ሰዓት ሠራዊቱ በኢትዮጵያ ተደምስሶ ቀረ መባል ለአበዳሪዎች የሚሰጠው ምልክት እጅግ አስፈሪ ነበር። ስለዚህ ጉራዕ የስምና የአመኔታ ዘመቻ ሆነ። እስማኤል ለእንግሊዞች አገር ለመውሰድ አይደለም ብሎ ያስታወቀው ቃል በዚህ ጊዜ ምናልባት ከፊተኛው ይልቅ እውነት ሳይኖረው አልቀረም።

አሥራ ሁለት ሺህ የሚያህል ጦር በምጽዋ ወረደ። አዛዡ ራቲብ ፓሻ ሲሆን፥ ኤታ ማዦሩ አሜሪካዊው ጄኔራል ሎሪንግ ነበረ፤ የኬዲቩ ልጅ ልዑል ሐሰንም አብሮ ዘመተ። የቱርክና የቸርከስ ተወላጆች የሆኑት ፓሾች ከአሜሪካኖቹ ጋር አይግባቡም ነበር፤ የግብፅ ገበሬ ልጅ የሆነው ወታደር ደግሞ ከሁለቱም ቋንቋና ልብ የራቀ ነበር። በጉራዕ ሜዳና በቃያኾር ምሽግ ሠርተው ተቀመጡ።

በዐፄ ዮሐንስ በኩል የክተት ዐዋጅ ተነገረ። ካህናቱ የሃይማኖት ጦርነት መሆኑን ሰበኩ። ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ አቡነ አትናቴዎስም የቆሙት ከንጉሡ ጋር ነበር፤ ስለዚህ በጳጳሱ በኩል ይጎተታል የተባለው ገመድ አልሠራም። አቡኑ ከጦርነቱ በኋላ ብዙ ሳይቈዩ ዐረፉ። ሁሉም ግን በአንድ ልብ ነበር ማለት አይቻልም። የሐዘጋው ወልደ ሚካኤል ሰሎሞን ቂሙን ይዞ ወደ ግብፆች ተጠጋ፤ ምኒልክም ከጦርነቱ ርቀው በሸዋ ተቀመጡ። ሆኖም የመጣው ሠራዊት ለጉራዕ በቂ ሆነ።

የካቲት 29 ቀን ራቲብ አምስት ሺህ ያህል ወታደር ይዞ ከምሽጉ ወጣ። ሎሪንግ ከምሽግ እንዲወጣ ገፋፍቶታል እየተባለ በኋላ ብዙ ተወቃቅሰዋል። በሸለቆው ውስጥ ተከበው አብዛኞቹ አለቁ። በማግሥቱና በሚቀጥለው ቀን ኢትዮጵያውያን በምሽጉ ላይ ያደረጉት አደጋ ግን አልተሳካም፤ በመድፍና በጠመንጃ ብዙ ሰው ሞተባቸው። ድሉ የዐፄ ዮሐንስ ቢሆንም የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። ከዚህ በኋላ ድርድር ተጀመረ፤ ግብፆችም ቀስ በቀስ ወደ ምጽዋ ተመለሱ።

ከጦርነቱ በኋላ

ጦርነቱ ካለቀ ሁለት ወር ሳይሞላ፥ በሚያዝያ 1868 ዓ.ም.፥ የአውሮጳ አበዳሪዎች የግብፅን ገቢ የሚቈጣጠር የዕዳ ኮሚሲዮን አቋቋሙ። በ1871 ዓ.ም. እስማኤል ከሥልጣን ወረደ። በኢትዮጵያ ዘመቻ በስንቅና በማጓጓዣ ሥራ ላይ የነበረውና የፓሾቹን አመራር በዐይኑ የተመለከተው አሕመድ ዑራቢ፥ የግብፃውያንን መኰንኖች ቅሬታ ይዞ ተነሣ፤ የዑራቢም እንቅስቃሴ በመስከረም 1875 ዓ.ም. በእንግሊዝ ጦር ተሰበረ፥ ግብፅም ተያዘች። ጎረቤቱን በደካማነት ሊያኖር የተነሣ መንግሥት ራሱ ከነጻነት ወጣ። በሱዳንም የመሕዲ እንቅስቃሴ ተነሥቶ የግብፅን የጦር ሰፈሮች ከበበ።

ኢትዮጵያም በድሉ የተመኘችውን አላገኘችም። ራስ አሉላ የመረብ ማዶ ገዢ ሆነው ተሾሙ፤ ከረን ግን ከጉራዕ በኋላ ስምንት ዓመት ያህል በግብፅ እጅ ቈየች። ዐፄ ዮሐንስ ከጎርዶን ጋር በደብረ ታቦር በ1872 ዓ.ም. የተነጋገሩት ያለ ፍሬ ቀረ። ነገሩ የተፈጸመው ግብፅ በወደቀች ጊዜ ነው። ግንቦት 27 ቀን 1876 ዓ.ም. በዐድዋ፥ በእንግሊዙ አድሚራል ሂውየት በኩል በተፈረመው ውል፥ የቦጎስ አገር ለኢትዮጵያ ይመለሳል፥ በምጽዋም የኢትዮጵያ ዕቃ ያለ ቀረጥ ያልፋል ተባለ። ኢትዮጵያም በመሕዲ ሰዎች የተከበቡትን የግብፅ ወታደሮች በግዛትዋ ለማሳለፍ ተስማማች። ከረን በመስከረም 1877 ዓ.ም. ተመለሰች። ነገር ግን በዚያው ዓመት በጥር ወር፥ ገና አምስት ወር እንኳ ሳያልፍ፥ ኢጣሊያኖች በእንግሊዝ ፈቃድ ምጽዋ ገቡ። እስማኤል ያዘጋጀውን በር ያለ ጦርነት ወረሱት። ከምጽዋ ወደ ከረን የሚወስደውን መንገድም ተከትለው ወጡ። ከመሕዲ ሰዎች ጋር የተጀመረው ጠብ ደግሞ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ የዐፄ ዮሐንስን ሕይወት ወሰደ።

ከዚህ ሁሉ እንደሚታየው፥ የኬዲቭ እስማኤል ዓላማ በአንድ ስም የሚጠራ አይደለም። መጀመሪያ የወደብና የመንገድ ዓላማ ነበር፤ ቀጥሎ የማዕርግ፥ በመጨረሻም የአመኔታና የክብር ሆነ። የመጀመሪያው ዓላማ በካርታና በሂሳብ የተለካ ነበር፤ የመጨረሻው ግን ልክ አልነበረውም፤ ከፊቱ የቆመው ኪሳራ በጨመረ ቍጥር እርሱም ይጨምር ነበር። በመካከሉ የነበሩት የቢለን፥ የመንሳዕና የሐባብ ሰዎች ከማንኛውም ወገን አልተጠየቁም። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ለሐማሴን፥ ለግብፅ፥ እንደገና ለኢትዮጵያ፥ ከዚያም ለኢጣሊያ ገበሩ፤ የወቅቱ ዝናም በተለወጠ ጊዜም፥ በየኬላው ላይ የቆመው ዘበኛ ማን ይሁን ማን፥ ከብታቸውን ወደ ባሕርና ወደ ደጋ መንዳታቸውን አላቋረጡም።